"ይህቺ ሴትዮ ማርያም ናት?" ስለ እናትነትና ተምሳሌታዊ ሴቶች በሬነሳንስ ንድፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ የአውሮፓ ንድፎች ስጽፍ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አንዱ ልጅ የምታጠባ ሴት ምስል ይልክልኝና "ማርያም ናት አይደል?" ይለኛል። ሌላዋ "ይሄ ሁሉ ልጅ የማን ነው?" ትለኛለች። ለእያንዳንዱ በየጊዜው ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመታቱም ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬነሳንስ የምንለው የቱን ዘመን ነው?

በአማርኛ "ሕዳሴ" ይባላል። ግን ሕዳሴ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ግድቡ ስለሚሄድ እኔ ሬነሳንስ ማለቱን መርጫለሁ። በደፈናው ከ1400ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1500ዎቹ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ለኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ከበፊቱ በተሻለ እንደ ልብ ይገኝ ጀመር። ሠዓሊው የሚሞክርበት፣ የሚሳሳትበት፣ የሚደልዝበት ነገር አገኘ። ብራና ላይ ማን ደፍሮ ይሳሳታል?

ተምሳሌታዊ ሴት ማለት ምን ማለት ነው?

"እናት አገር" ስንል ምን እያልን ነው? አገር አትወልድም፤ አታጠባም። ግን እናት አድርገን ስለምናያት ከሃዲውን "የእናት ጡት ነካሽ" እንለዋለን። መዝሙረ ዳዊትም ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች ይላል። እጅ ያላት አገር! ተምሳሌት ይኸው ነው፤ የማይጨበጠውን ሐሳብ ሥጋ አልብሶ ሰው ማድረግ።

የሬነሳንስ ሠዓሊዎች ይህን ነገር ለምደውት ነበር። እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር፣ ፍትሕ፣ ብርታት፣ ማስተዋል፣ ራስን መግዛት፤ ሰባቱም በጎ ምግባራት በሴት ይሳላሉ። ለምን ሴት? አንዱ ምክንያት ሰዋስው ነው። በላቲንና በጣሊያንኛ የእነዚህ ቃላት ጾታ አንስታይ ነው፤ "እሷ" ተብለው ይጠራሉ። ቋንቋው "እሷ" ካለ ሠዓሊው "እሱ" ብሎ አይስልም።

ፍትሕ ሚዛንና ሰይፍ ያዘች። ተስፋ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ፍቅር ደግሞ፣ በላቲን "ካሪታስ" የምትባለው፣ ልጆች ታቀፈች። ካሪታስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የእርዳታ ድርጅቱን ነው። ስሙ ከዚህችው ቃል የመጣ ነው።

ታዲያ ሕፃን ያቀፈችን ሴት ማርያም ናት ወይስ ካሪታስ ናት ብዬ እንዴት ልለይ?

ልጆቹን ቁጠር። ቀልዴን አይደለም። አንድ ልጅ ከሆነ፣ ወይም ከሕፃኑ ኢየሱስ ጋር ሕፃኑ ዮሐንስ መጥምቅ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እመቤታችን ናት። ሁለትና ሦስት ልጆች አንዱ ጡት ላይ፣ አንዱ ጉልበት ላይ፣ አንዱ ቀሚስ ስር ከሆኑ ካሪታስ ናት። እጇ ላይ ወይም ራሷ ላይ ነበልባል ካየህ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

ልጁ ክንፍ ካለውና ቀስት ከያዘ እናቲቱ የጥንት ሮማውያን የፍቅር አምላክ ቬነስ ናት። ልጆቹ ከእንቁላል እየተፈለፈሉ ከሆነስ? ሌዳ ናት፤ በግሪክ ተረት የአማልክቱ አለቃ ዚውስ የይብራ ዓይነት ነጭ ወፍ ሆኖ የቀረባት ሴት። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስለሷ የሠራው ሥዕል ጠፍቷል፤ ተንበርክካ የሚያሳዩ የብዕር ንድፎች ግን አሉ። አንዱ እንግሊዝ ቻትስዎርዝ ነው፣ አንዱ ሮተርዳም። ሕፃናቱ ከቅርፊቱ ሲወጡ እንደ ጫጩት ናቸው።

ያም ሆኖ የማይለዩ ንድፎች ሞልተዋል። ሠዓሊው ራሱ ገና ያልወሰነበት ጊዜ አለ። የምታጠባ ሴት አይቶ ይነድፋል፤ ስሟን በኋላ ያወጣላታል። እኔ ከቀለም ሥዕሉ ይልቅ ንድፉን የምወደው ለዚህ ነው። ንድፉ ላይ መጀመሪያ ያለችው ሴትየዋ ናት።

ካሪታስ ከጥንትም እናት ነበረች?

አልነበረችም። ጆቶ የተባለው ሠዓሊ በ1305 አካባቢ ጣሊያን፣ ፓዶቫ ከተማ፣ የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ሲስላት አንድም ልጅ የላትም። በአንድ እጇ ፍሬና አበባ የሞላበት ሳህን ይዛለች። በሌላው እጇ ልቧን ወደ ላይ ለአምላክ ትሰጣለች። እግሮቿ የቆሙት በገንዘብ ከረጢቶች ላይ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቲኖ ዲ ካማይኖ የተባለ ቀራጭ ሁለት ሕፃናት የምታጠባ ካሪታስን በእብነ በረድ ሠራ። አሁን ፍሎረንስ ባርዲኒ ሙዚየም ውስጥ ናት። ሁለቱ ልጆች ጡቶቿን የያዙበት አያያዝ የተራበ ልጅ አያያዝ ነው። ከሷ በኋላ እናቲቱ አሸነፈች።

ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው። ፍቅር ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ወደ እግዚአብሔር ወደ ላይ፣ ወደ ባልንጀራ ወደ ጎንና ወደ ታች። ላይኛውን ነበልባል ያሳያል። ታችኛውን ምን ያሳየው? ወተት። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማንበብ የማይችል ገበሬ ነበልባሉ ምን እንደሆነ ቄሱን ይጠይቅ ይሆናል። ወተቱን ግን ማንንም አይጠይቅም።

ፒዬሮ ዴል ፖላዩዎሎ በ1469 ለፍሎረንስ የነጋዴዎች ፍርድ ቤት ካሪታስን ሳላት። አሁን እዚያው ፍሎረንስ፣ ኡፊትሲ ሙዚየም ናት። በአንድ እጇ ነበልባል፣ በሌላው የሚጠባ ልጅ ይዛለች። ሰው ሁሉ ከፊት ያያትና ያልፋል። የሣንቃው ጀርባ ላይ ግን የዚህችው የካሪታስ ትልቅ ንድፍ አለ፤ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ። ፊት ለፊት ያለችው በጌጥ ተሸልማለች፤ ከኋላዋ ያለችው መስመር ብቻ ናት። ምርጫው የኔ ቢሆን ሣንቃውን ገልብጬ እሰቅለው ነበር።

ወተት ላይ ይሄን ያህል ማተኮር ለምን አስፈለገ?

በዘመኑ የሕክምና ዕውቀት ወተት ደም ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ልጁን በማኅፀን የመገበው ደም ከወሊድ በኋላ ወደ ጡት ወጥቶ፣ በሙቀት በስሎ፣ ነጭ ሆኖ ይፈስሳል ይባል ነበር። ሊዮናርዶ ሳይቀር ይህን አምኖ ነድፎታል። እንግሊዝ፣ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ያለው የ1490ዎቹ መጀመሪያ የአካል ንድፉ ላይ ከማኅፀን ተነሥቶ ጡት ድረስ የሚሄድ ቧንቧ ይታያል። እንዲህ ያለ ቧንቧ በሰው አካል ውስጥ የለም። ያኔ የነደፈው ከመጻሕፍት የወረሰውን ነበር፤ በዓይኑ ያየውን መንደፍ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ ያኔ የምታጠባ እናት ማለት ደሟን የምትሰጥ እናት ማለት ነበረች። ካሪታስ ራስ ላይ አንዳንዴ ፔሊካን የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ወፏ ደረቷን በመንቁሯ ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ ትመግባለች የሚል የቆየ ተረት አለ፤ የክርስቶስም ምሳሌ ናት።

ፒተር ብሩሄል በ1559 በብዕር የነደፋት ካሪታስ ሮተርዳም፣ ቦይማንስ ሙዚየም ትገኛለች። ራሷ ላይ ፔሊካን፣ እጇ ላይ የሚነድ ልብ፣ አጠገቧ ልጆች። እሷ ግን መሀል ላይ ዝም ብላ ቆማለች። ሥራው ያለው ዙሪያዋን ነው። እዚህ ጋ ዳቦ ይታደላል፤ ሰው ይሻማል። እዚያ ጋ የታረዘ ልብስ ይለብሳል። ወዲያ እስረኛ ይጠየቃል፤ ከኋላ አስከሬን ይቀበራል። ሠፈር ውስጥ ድግስ ያለ ነው የሚመስለው። ከሥሩ የተጻፈው የላቲን ጽሑፍ ሐሳቡ "በሌላው የደረሰው ባንተም ይደርሳል ብለህ አስብ" ዓይነት ነው። ንድፉ በኋላ በመዳብ ተቀርጾ ታትሞ ተሸጧል።

በእውነቱ የዚያ ዘመን እናቶች ራሳቸው ያጠቡ ነበር?

ድሆቹ አዎ። ባለጠጎቹ አብዛኞቹ አያጠቡም። የፍሎረንስ ነጋዴ ሚስት ስትወልድ ሕፃኑ ለቅጥር አጥቢ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ገጠር ይላካል። አጥቢዋን የሚያፈላልገውና ደመወዟን የሚዋዋለው አባትየው ነው። እናም መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምታጠባ ማርያም የሰቀለ ሰውዬ የገዛ ልጁን ሌላ ሴት እያጠባችለት ነው።

ታላቁ ቀራጭና ሠዓሊ ሚኬላንጄሎ ራሱ በዚህ መንገድ ያደገ ነው። ሴቲኛኖ የተባለ የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ነው የተላከው፤ ያጠባችውም የድንጋይ ጠራቢ ሚስት ናት። "መሮና መዶሻውን ከአጥቢዬ ወተት ጋር ነው የጠባሁት" እያለ ይቀልድ እንደነበር ጽፈውለታል። ወላጅ እናቱ የሞተችው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የተጣሉ ሕፃናት ጉዳይ ነው። ፍሎረንስ ውስጥ ኢኖቼንቲ የሚባል ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያ አለ። የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ነው ያሠራው። ግንባታውን በ1419 የጀመረው ብሩኔሌስኪ የተባለው አርክቴክት ነው። የመጀመሪያዋ ሕፃን በራፉ ላይ የተገኘችው በየካቲት 5 ቀን 1445 ነው፤ አጋታ ተባለች። በ1487 አንድሬያ ዴላ ሮቢያ የሠራቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናት እስካሁን ከበረንዳው ቅስቶች በላይ ይታያሉ። ከበረንዳው ስር ያለፈ ሠዓሊ ካሪታስን ሲነድፍ፣ ቀሚሷ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች የማን እንደሆኑ አይጠፋውም። የሷ የራሷ አይደሉም። እኛ ጋ "የጡት ልጅ" የሚል ቃል አለ አይደል? እንደዚያ ናቸው።

ከሁሉ አንጀትህን የሚበላው የትኛው ንድፍ ነው?

የጣሊያናዊው ሠዓሊ የራፋኤል። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ፔሩጃ የተባለችው የጣሊያን ከተማ በባልዮኒ ቤተሰብ እጅ ነበረች። በ1500 በሐምሌ ወር፣ ከአንድ ትልቅ ሠርግ በኋላ፣ ግሪፎኔቶ የተባለው ወጣት ከሌሎች ጋር ተመሣጥሮ የገዛ ዘመዶቹን በሌሊት አስፈጀ። እናቱ አታላንታ ይህን ስትሰማ ቤቷን ዘግታበት ወጣች። ያመለጡት ዘመዶች ወገን ተመልሰው እሱንም መንገድ ላይ አቆሰሉት። እናቱ ሮጣ ደረሰች። የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ገዳዮቹን ይቅር እንዲል ለመነችው። ይቅር ብሎ ሞተ።

አታላንታ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ሥዕል አዘዘች። ያዘዘችው ራፋኤልን ነው። ሥራው ሲያልቅ፣ በ1507፣ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የሱም እናት የሞተችው ስምንት ዓመቱ ላይ ነው።

ዋናው ሥዕል የክርስቶስን አስከሬን ተሸክመው ሲወስዱት ያሳያል። በቀኝ በኩል እመቤታችን ራሷን ስታ ትወድቃለች፤ ሴቶቹ ይደግፏታል። ለዚህች ውድቀት ያደረገው ዝግጅት ብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። የምትወድቀዋን ማርያም አጥንቷን ነው የነደፈው። በሴቶቹ መሀል አጽም ተደግፎ ቆሟል! አንገት ሲዝል ራስ ቅል ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ጉልበት ሲከዳ ዳሌ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ፈልጓል። አንድ የማውቃት ነርስ ይህን ንድፍ አይታ "ለቅሶ ቤት የምትወድቅ ሴት በትክክል እንዲህ ነው የምትሆነው" ብላኛለች።

ከትልቁ ሥዕል ግርጌ እምነት፣ ካሪታስና ተስፋ በተርታ ተስለዋል። ቀለም የላቸውም፤ እንደ ድንጋይ ቅርጽ ግራጫ ናቸው። ካሪታስ መሀል ላይ ናት። የሷ ሣንቃ ቁመቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። የብዕር ንድፏ ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም አለ።

ንድፉን በስክሪን አጉልታችሁ እዩት። ልጆቹ ተጠላልፈዋል፤ የማን ክንድ የማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይፈጃል። ጥላው የተሠራው በተደራረቡ የብዕር ጭረቶች ነው። ልጆቹ በሚገናኙበት፣ ሥጋ ሥጋን በሚጫንበት ቦታ ጭረቱ ይጠቁራል። እሷ አጎንብሳለች። ሁሉንም ለማቀፍ ሁለት እጅ አይበቃትም፤ ግን ማንንም አልጣለችም። መንታ የወለደች እህቴ አይታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ይቺ ሴት መቼ ነው የምትተኛው?"

እና ይህን የልጆች ክምር ለማን እንደሠራው አስቡ። አንድ ልጇን ቀብራ ለመጣች ሴት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1608፣ ዋናው ሥዕል ለካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ተብሎ በሌሊት ከፔሩጃ ወደ ሮም ተወሰደ። አሁንም ቦርጌዜ ማዕከለ ሥዕል ነው። የግርጌዎቹ ሣንቃዎች ግን ቫቲካን ናቸው። የምትወድቀው እናትና ልጆች ያቀፈችው እናት እዚያው ሮም ተለያይተው ይኖራሉ።

ሴቶቹ ለምንድን ነው አንዳንዴ ወንድ የሚመስሉት?

ወንድ ስለሆኑ። ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚነድፉት ሱቃቸው ውስጥ የሚሠሩትን ወጣት ረዳቶች ነበር። ሚኬላንጄሎ ለሲስቲን ጸሎት ቤት የሊቢያዋን ነቢይት ሲያዘጋጅ በቀይ ጠመኔ የነደፈው የወንድ ጀርባ ነው፤ ወረቀቱ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ቀሚስ ለበሰችና ሴት ሆነች። ጡቷ በኋላ የተለጠፈ የሚመስል ተምሳሌት ካያችሁ፣ ጥርጣሬያችሁ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ግን ሚኬላንጄሎን በዚህ ብቻ መፍረድ ግፍ ነው። ፍሎረንስ፣ ካዛ ቡዎናሮቲ ውስጥ ማርያም ስታጠባ የሚያሳይ በጥቁርና በቀይ ጠመኔ የተሠራ ንድፍ አለው፤ በ1525 አካባቢ የተሠራ። ሕፃኑ ሙሉ ሥጋ ሆኗል፤ ጀርባው ጠንካራ፣ ክንዱ ወፍራም። ፊቱን ጡቷ ላይ ቀብሯል። እሷ ግን በስሱ መስመር ብቻ ነው ያለችው። ልጇንም አታየውም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ሩቅ ታያለች። ልጁ በጠነከረ ቁጥር እናቲቱ እየሳሳች የሄደች ይመስላል።

ክፉ እናት የሆነች ተምሳሌትስ አለች?

አለች፤ እንዲያውም ሊዮናርዶ ጋ የምትገርም አለች። ኦክስፎርድ፣ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ባለ ንድፉ በጎነትንና ምቀኝነትን ሁለት ሰው ሆነው ከአንድ አካል እንደወጡ አድርጎ አጣብቋቸዋል። አጠገቡ ሐሳቡን ጽፎታል። በጎነት በተወለደች ቅጽበት ምቀኝነትን በራሷ ላይ ትወልዳለች፤ ጥላ የሌለው አካል ይገኛል እንጂ ምቀኛ የሌላት በጎነት አትገኝም፤ ይላል። እኛ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር" የምንለውን ሰውየው አንድ እርምጃ ወሰደው። እዚህ ልጅ ከልጅ መለያየቱ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱን የሚበላት የገዛ ልጇ ነው።

ሚኬላንጄሎ ደግሞ በ1533 ለወዳጁ ለቶማዞ ዴ ካቫልዬሪ በቀይ ጠመኔ የሠራው የሕፃናት ፈንጠዝያ አለ፤ ዊንዘር ነው ያለው። ሕፃናቱ ይጠጣሉ፤ ድስት ይጥዳሉ፤ ሙት እንስሳ ይጎትታሉ። ከታች ጥግ ላይ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነች አሮጊት ሕፃን ታጠባለች። ጡቷ ደርቋል። ካሪታስ ተገልብጣ ማለት ነው።

ሴት ሠዓሊዎች አልነበሩም? እናት ሆና የሣለች የለችም?

ነበሩ፤ ጥቂት ናቸው። የቦሎኛዋ ላቪኒያ ፎንታና በ1577 አገባች፤ አሥራ አንድ ልጆች ወለደች። ከእነሱ ከሷ በኋላ በሕይወት የቆዩት ሦስት ብቻ ናቸው። ቤቱን የምታስተዳድረው በሥዕል ገቢዋ ነበር። ሶፎኒስባ አንጉይሶላ ደግሞ ጣቱን ክሬይፊሽ የሚባል የወንዝ እንስሳ ነክሶት የሚያለቅስ ልጅ ነድፋለች፤ ኔፕልስ፣ ካፖዲሞንቴ ሙዚየም አለ። ልጁ ወንድሟ ነው። ሚኬላንጄሎ የሚያለቅስ ልጅ ለመሳል እንደሚከብድ ተናግሮ ነው ይባላል የነደፈችው። ከኋላው አንዲት ልጅ አቅፋ ታባብለዋለች። ካሪታስ የሚል ጽሑፍ የለበትም፤ አያስፈልገውምም።

ከኢትዮጵያ ሥዕል ጋር ግንኙነት አለው?

በማርያም በኩል አለው። በካሪታስ በኩል የለውም። በ1480 አካባቢ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ኢትዮጵያ ገብቶ አርባ ዓመት ያህል ሠርቷል፤ እዚህ መርቆሬዎስ ተብሎ ይጠራ ነበር። እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ስለሳላት ሰው ተቆጣ፤ ግራ የተናቀ ጎን ነውና፤ የሚል ታሪክ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጽፏል። በኋላ ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ፤ ሠዓሊዎቻችንም እጆቿን አጣምራ ሕፃኑን የያዘችበትን አያያዝ የራሳቸው አደረጉት። ግን የኛዋ ማርያም ማርያም ናት። የሌላ ሐሳብ ምሳሌ ተደርጋ አልተሳለችም።

"ካርቶን" የሚባለው ንድፍ ምንድን ነው? ዕቃ መጠቅለያው ነው?

ቃሉ አንድ ነው፤ ከጣሊያንኛው ትልቅ ወረቀት ከሚለው የመጣ። እዚህ ግን የሥዕሉን ሙሉ መጠን የያዘ ንድፍ ማለት ነው። መስመሮቹ በመርፌ ይበሳሉ፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት ቀዳዳዎቹ ላይ መታ መታ ይደረጋል። ወረቀቱ ሲነሣ ነጠብጣቦቹ ይቀራሉ። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ዝነኛው ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የሊዮናርዶ ነው፤ በከሰልና በነጭ ጠመኔ፣ በስምንት የተያያዙ ወረቀቶች ላይ። ማርያም እናቷ ሐና ጭን ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ ከማርያም ጭን ወደ ትንሹ ዮሐንስ ይንሸራተታል። እናት በእናት ላይ። የሐና ጣት ወደ ሰማይ ያመለክታል፤ ግን ያላለቀ ነው፤ መስመሩ ብቻ አለ። ይህ ካርቶን ሳይበሳ ነው የቀረው። በ1962 በ800,000 ፓውንድ ተገዛ። በ1987 አንድ ሰው ጠመንጃ ደብቆ ገብቶ ተኩሶበታል፤ በብዙ ድካም ተጠግኗል።

ንድፎቹን የት ማየት ይቻላል?

ብርሃን ወረቀት ይጎዳል። ስለዚህ ሙዚየሞች አንድን ንድፍ ለጥቂት ወራት ያሳዩና ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡታል። አውሮፕላን ቲኬት ቆርጣችሁ ሄዳችሁ "ዛሬ አይታይም" ብትባሉ አትገረሙ፤ እኔ ተብያለሁ። ለንደን ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ናሽናል ጋለሪ በነፃ ይገባል። ብሪቲሽ ሙዚየምም ቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ንድፎችን ጠረጴዛ ላይ አምጥቶ የሚያሳይ የጥናት ክፍል አለው። ሌላው ሰው በኢንተርኔት ያያል፤ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ጥሩ ጥራት ያለው ምስል ለቀዋል።

የገዛ እናቱን የነደፈ የለም?

አለ። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር፣ መጋቢት 19 ቀን 1514፣ ኑርንበርግ። በከሰል ነው የነደፋት። ወረቀቱ በርሊን ነው ያለው።

ባርባራ ትባላለች። አሥራ ስምንት ልጆች ወልዳለች፤ የተረፉላት ሦስት ናቸው። ባሏ ከሞተ በኋላ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር፤ የሱን ሕትመቶች ገበያ ወጥታ ትሸጥለትም ነበር። ወረርሽኝ፣ ድህነት፣ የሰው ንቀት እንዳየች ልጇ ጽፏል። ቂም እንዳልያዘችም ጽፏል።

ሻሿ በጠንካራ መስመር ተስሏል። ግንባሯ ተሸብሽቧል። ጉንጯ ገብቷል፤ ከንፈሯ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። አንዱ ዓይኗ ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም። አንገቷ ስር አጥንቷ ይቆጠራል። አሮጊትን እንዲህ አድርጎ መሳል በዚያ ዘመን ለክፉ ተምሳሌቶች ነበር የተተወው። ዱረር ራሱ ከሰባት ዓመት በፊት ስስትን በቀለም ሲስላት አሮጊት ነው ያደረጋት፤ ደረቷ የተራቆተ፣ ጥርሷ የረገፈ፣ የገንዘብ ከረጢት የታቀፈች። ያንኑ የደረቀ ቆዳ፣ ያንኑ የወጣ አጥንት እናቱ ላይ ደገመው። ነገር ግን እጇ ላይ ምንም አላስያዛትም። ነበልባል የለም፣ ልጅ የለም፣ ከረጢት የለም።

ከላይ በኩል በእጁ የጻፈው ይህ ነው፦ ይህቺ የአልብሬክት ዱረር እናት ናት፤ ዕድሜዋ 63 ነበር። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በግንቦት፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰና በዚያው ዓመት ማረፏን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨመረበት።